ስለ ራሳቸው መናገር የማይችሉ ሕሙማን መዝገብ፦ ደረጃውን የጠበቀ የነርሲንግ ቃል አጠቃቀም

በአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል ተኝተው የሚታከሙ አንዲት አረጋዊት እንዳሉ እናስብ። ዕድሜያቸው በግምት 72 ነው፤ በስትሮክ ምክንያት የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበታቸውም ተይዟል። የማታዋ ተረኛ ነርስ በማስታወሻው ላይ «መቀመጫቸው ቀላ ብሏል» ብላ ትጽፋለች፤ የጠዋቱ ተረኛ «ቁስል ጀምሯል» ይላል፤ የከሰዓቱ ደግሞ «ጠቅላላ ሁኔታቸው እንደነበረው ነው» ብሎ ያልፋል። ሦስቱም አልዋሹም። ሆኖም በአራተኛው ቀን መዝገቡን የሚከፍት ባለሙያ ቁስሉ የት ቦታ እንደሆነ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሰፋ፣ ቆዳው ተልጦ ወይም ሳይላጥ እንደቆየ፣ እየባሰ ወይም እየዳነ እንደሆነ ከሦስቱ ጽሑፎች ሊያውቅ አይችልም። ሌላ ሕመምተኛ ቢሆን ኖሮ «ትናንት እንዲህ አልነበረም» ብሎ ይነግረው ነበር፤ እሳቸው ግን አይናገሩም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ላሉ ሕሙማን መዝገብ ለሚይዙ ነርሶች ነው። ተጋላጭ ሕሙማን ስንል ጨቅላዎችንና ሕፃናትን፣ በዕድሜ የገፉትን፣ ራሳቸውን የሳቱትን፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን፣ መስማት ወይም መናገር የተሳናቸውን፣ ጥቃት የደረሰባቸውን፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉትንና አጠገባቸው የሚቆም አስታማሚ የሌላቸውን ማለታችን ነው። የመጨረሻዎቹ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። አስታማሚ የሌለው ሰው ምግብ የሚያጎርሰው፣ ከአልጋ የሚያወርደው፣ ሲከፋው ነርስ የሚጠራለት የለም፤ ስለዚህ «አስታማሚ የለውም» የሚለው ሐረግ በማኅበራዊ ሁኔታ ሥር ተጽፎ የሚቀር ሳይሆን በእንክብካቤ ዕቅዱ ውስጥ መግባት ያለበት የሥጋት ምክንያት ነው።

ደረጃውን የጠበቀ ቃል ማለት ትርጉሙ አስቀድሞ የተወሰነ፣ በሁሉም ተረኛ ዘንድ አንድ ነገር ብቻ የሚያመለክት ቃል ነው። ነርሶች የሚያዩትን ችግር በአንድ ስም ለመጥራት የተደራጀ ጥረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሲሆን፣ ዛሬ ናንዳ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የነርሲንግ ዳያግኖሲስ ዝርዝር መነሻው ይኸው ነው። በኋላም በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነርሶች የሚሰጧቸውን አገልግሎቶች የሚሰይመው ኒክ እና የእንክብካቤን ውጤት የሚለካው ኖክ ተዘጋጁ። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም አይሲኤንፒ የተባለ የራሱን መድብል አውጥቷል። በአገራችን የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው በአብዛኛው የናንዳው አካሄድ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ ትግበራ መመሪያም ለነርሲንግ እንክብካቤ የራሱን ምዕራፍ ሰጥቶታል። ስለዚህ አብዛኛው አንባቢ ቃላቱን ያውቃቸዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ቃላቱን አለማወቅ ሳይሆን ቃሉን ከማስረጃው አስቀድሞ መጻፍ ነው፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

ሕመምተኛው ያለውን በራሱ ቃል ይያዙ

በሆስፒታሎቻችን የሕመምተኛው ንግግር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ይሆናል፤ መዝገቡ ግን የሚያዘው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማስታወሻ ትርጉም አለበት፤ ብዙ ስሕተት የሚገባውም በዚህች በር ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያሉ እናት የደረት ሕመም እንዳለባቸው ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል፤ እሳቸው ግን የሚሉት ከጨጓራ ወደ ላይ የሚወጣውን ማቃጠል ሊሆን ይችላል። «ኩላሊቴን ያመኛል» የሚል የቀን ሠራተኛ እጁን የሚያሳርፈው ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ነው። «ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል»፣ «ጎኔን ይወጋኛል»፣ «ራሴን ይፈልጠኛል» የሚሉት ሦስቱም ሕመምን ይናገሩ እንጂ የሕመሙ ዓይነት የተለያየ ነው፤ ሦስቱን «ሕመም አለው» በሚል አንድ ሐረግ ማጠቃለል መረጃውን መጣል ነው።

በመሆኑም መጀመሪያ የተነገረውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ይጻፉ፤ አማርኛውን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ነውር የለበትም። ቀጥሎ ቦታውን በእጅ እንዲያሳዩ ጠይቀው ያሳዩትን የሰውነት ክፍል በትክክለኛ ስሙ ያስፍሩ። ደረጃውን የጠበቀው ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያስተረጎመ ሰው ካለ ማን እንደሆነ ይጠቀስ፦ ልጃቸው፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ወይስ የሆስፒታሉ ሠራተኛ። አማቷ ባለችበት በአማቷ አስተርጓሚነት «ማንም አልመታኝም» ያለች ሴት ያለችው ነገር ክብደቱ ለብቻዋ ሆና ከተናገረችው ጋር እኩል አይደለም፤ መዝገቡ አስተርጓሚዋን ካልጠቀሰ ግን ሁለቱ እኩል ሆነው ይነበባሉ።

መናገር የማይችል ሕመምተኛ ቢሆንስ? «ሕመም የለውም» ብሎ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም፤ መናገር አለመቻል ሕመም አለመኖሩን አያሳይም። ለሕፃናት ፊትን፣ እግርን፣ እንቅስቃሴን፣ ለቅሶንና ሲያባብሉት መረጋጋትን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 2 የሚመዝነው ፍላክ የተባለ መለኪያ አለ፤ ድምሩ እስከ 10 ይደርሳል። የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያንም እንዲሁ ትንፋሽን፣ ማቃሰትን፣ ገጽታንና የሰውነት ሁኔታን አይቶ የሚመዝን ፔይናድ የሚባል አለ። የተጠቀሙበትን መለኪያ ስም ሳይጽፉ «ሕመም 6» ማለት ግን ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይነግረውም፤ ስድስቱን ሕመምተኛው ራሱ ቆጥሮ ሰጠ ወይስ ነርሷ አይታ ገመተች?

ከስሙ በፊት ልኬቱ

ወደ ምሳሌያችን እናት እንመለስ። ቆዳቸውን ከማየት በፊት የጫና ቁስል (ሰውነት በአንድ ቦታ ተጭኖ ከመቆየት የሚመጣ ቁስል) ሥጋታቸውን በብራደን መለኪያ እንመዝን። መለኪያው ስድስት ነገሮችን ያያል፤ ድምሩ ከ6 እስከ 23 ሲሆን ዝቅ ባለ ቁጥር ሥጋቱ ከፍ ይላል፣ 18 እና ከዚያ በታች የሆነ ሰው ሥጋት አለበት ይባላል። የእኚህ እናት የስሜት ሕዋስ 3፣ እርጥበት 2 (አንሶላቸው በየተራው ይረጥባል)፣ ከአልጋ መውረድ 1፣ አልጋ ላይ መገላበጥ 2፣ ምግብ 2፣ መንሸራተትና መፈተግ 1፤ በድምሩ 11 ይሆናል፤ ይህም ከፍተኛ ሥጋት ከሚባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። በመዝገቡ ላይ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ስድስቱንም ቁጥሮች ያስፍሩ። 11 የሚለው ቁጥር ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም፤ «እርጥበት 2» ግን አንሶላ መቀየር እንዳለበት ይናገራል።

የግላስጎው የንቃት መለኪያም ሲጻፍ እንዲሁ ሦስቱ ክፍሎች (ዓይን መክፈት፣ ንግግርና እንቅስቃሴ) ተለያይተው ይቀመጡ። አንደበቱ የተያዘ ሰው በንግግር ክፍሉ ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኘው ንቃቱ ስለወረደ ላይሆን ይችላል፤ ድምሩ ብቻ ከተጻፈ ግን ሰውየው ራሱን እየሳተ ያለ ይመስላል። ምክንያቱን በአጠገቡ በአንድ ሐረግ መጥቀስ ይበቃል። የመውደቅ ሥጋትን የሚመዝነው የሞርስ መለኪያ ቀላል ነው፤ በብዙ ቦታ 45 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ሥጋት ተብሎ ይያዛል፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም።

ቆዳን በተመለከተ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የማስተማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያ ደረጃ የጫና ጉዳትን «ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት» ብለው ይገልጹታል፤ ይህ መግለጫ በአብዛኛው የተጻፈው ነጣ ያለ ቆዳን በማየት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ይችላል፤ ቦታው ከዙሪያው ይበልጥ ጠቁሮ ይገኛል፤ ሲዳሰስ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል ወይም ይለሰልሳል። ስለዚህ በእኛ ክፍሎች «ቅላት የለም» የሚል ጽሑፍ ቆዳው ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም፤ በእጅ ጀርባ ተዳሶ፣ ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ተነጻጽሮ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው ደረጃ የላይኛው ቆዳ ተልጦ እርጥብና ቀላ ያለ የቁስል ወለል ሲታይ ወይም ውኃ የቋጠረ ሲሆን ነው፤ ሦስተኛው ስብ ሲታይ፣ አራተኛው ጡንቻ፣ ጅማት ወይም አጥንት ሲታይ። የቁስሉ ወለል በሞተ ሥጋ ወይም በጥቁር ቅርፊት ከተሸፈነ ደረጃ አይሰጠውም፤ «ደረጃው የማይለይ» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ነገር ደግሞ በተደጋጋሚ ይሳሳታል፦ አራተኛ ደረጃ የነበረ ቁስል ሲሞላ «ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ» አይባልም። የጠፋው ጡንቻ አልተመለሰም፤ የሞላው ጠባሳ ነው። «እየዳነ ያለ አራተኛ ደረጃ» ይባላል።

ለሕፃናትም ደንቡ አንድ ነው። «ከስቷል»፣ «ገርጥቷል» ከማለት ይልቅ የክንድ ዙሪያ ልኬት በቁጥር ይቀመጥ፤ ከ6 እስከ 59 ወር ባለ ሕፃን ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አጣዳፊ የሆነ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው። እብጠት ካለ ሁለቱም እግሮች ላይ መሆኑና በአውራ ጣት ሲጫኑት መጎድጎዱ ይጻፍ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እናት «ጥርስ እያወጣ ነው» ካሉም ይጻፍ፤ ስለ ተቅማጡ ያላቸውን እምነት የሚያሳይና በምክሩ ጊዜ የሚያስፈልግ ቃል ነው።

ዓረፍተ ነገሩን መገንባት

ልኬቱ ከተያዘ በኋላ የነርሲንግ ዳያግኖሲስ ሦስት ክፍል ኖሮት ይጻፋል፦ ችግሩ፣ የችግሩ ተያያዥ ምክንያትና ችግሩ መኖሩን ያሳየው ምልክት። ነርሶች በመካከላቸው «ሪሌትድ ቱ» እና «አዝ ኢቪደንስድ ባይ» እያሉ የሚጠሯቸው መጋጠሚያዎች እነዚህ ናቸው። በምሳሌያችን እንዲህ ይመጣል፦ «በአዋቂ ላይ የደረሰ የጫና ጉዳት፣ አንደኛ ደረጃ፤ ከመገላበጥ አለመቻልና ከቆዳ እርጥበት ጋር የተያያዘ፤ በታችኛው የጀርባ አጥንት ላይ 4 በ3 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ያልተላጠ፣ ሲጫኑት የማይነጣ የጠቆረ ቦታ በመታየቱና ሲዳሰስ ከዙሪያው በመሞቁ።» በመዝገቡ ላይ የችግሩ ስም በእንግሊዝኛ ከዝርዝሩ እንደተወሰደ ሳይለወጥ ይቀመጥ፤ እዚህ በአማርኛ ያስቀመጥነው ለማስረዳት ነው። ስሙን አሳምሮ መቀየር ደረጃውን ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የሐኪሙን ምርመራ እንደ ምክንያት ማስቀመጥ ነው፦ «ከስትሮክ ጋር የተያያዘ»። ነርስ ስትሮክን አያክምም፤ መገላበጥ ያቃተውን ሰው ግን ያገላብጣል፣ ስለዚህ ምክንያቱ ነርስ እጁን ሊያስገባበት የሚችለው ነገር መሆን አለበት። ሁለተኛው ለሥጋት ምልክት መፈለግ ነው። «የመውደቅ ሥጋት» የሚል ዳያግኖሲስ ገና ያልደረሰ ነገር ስለሆነ ምልክት ሊኖረው አይችልም፤ የሚኖረው የሥጋት ምክንያት ብቻ ነው። ሦስተኛውና በተጋላጭ ሕሙማን ላይ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጉዳቱ ደርሶ እያለ «ሥጋት» ብሎ መጻፍ። እኚህ እናት ቦታው ጠቁሮ፣ ሞቆ፣ ሲጫኑት አልነጣ ብሎ እያለ «የጫና ጉዳት ሥጋት» ተብሎ ከተጻፈላቸው በወረቀት ላይ ገና ጤነኛ ናቸው። አንዳንዴ ይህ የሚደረገው ካለማወቅ ሳይሆን ቁስሉ በእኛ ተራ እንደወጣ እንዳይቆጠር በመፍራት ነው። ፍርሃቱ ይገባል፤ ሆኖም መፍትሔው ሕመምተኛው ሲገቡ ቆዳቸውን በዚያው ሰዓት አይቶ መመዝገብ ነው፤ ይዘውት የመጡት ቁስል በማን ተራ እንደተገኘ ክርክር አይኖርም።

ከዳያግኖሲሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራው ነው። «አቀማመጥ ተቀይሯል» ከማለት ይልቅ ወደ የትኛው ጎን፣ በስንት ሰዓት፣ ተረከዙ በምን እንደተደገፈ ይጻፍ። ዕቅዱ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ከሆነና ሌሊት ሁለት ነርሶች ለሠላሳ ሕመምተኛ ቢቀሩ፣ ሳይገላበጡ «ተገላብጠዋል» ብሎ መሙላት ወንጀል ከመሆኑም በላይ ዕቅዱ ከአቅም በላይ መሆኑን ኃላፊዎች እንዳያዩ ይሸፍናል። «አልተደረገም፤ የተረኛ እጥረት» የሚል አጭር እውነት ይበልጣል። ውጤቱ በኖክ አሠራር ከ1 እስከ 5 ይመዘናል፤ በዚህ ዓይነቱ መለኪያ 1 እጅግ የተጎዳ፣ 5 ያልተጎዳ ነው። ዛሬ 3 ላይ ካሉ በስንት ቀን 4 ላይ እንዲደርሱ እንደታሰበ ይጻፍና በቀኑ ተመልሶ ይመዘን።

ሰው ላይ የሚለጠፉ ቃላት

መዝገብ ውስጥ አንዴ የገባ ቃል ከሕመምተኛው ጋር ከክፍል ወደ ክፍል ይጓዛል። «አስቸጋሪ»፣ «እምቢተኛ»፣ «አይተባበርም»፣ «ትወናዋን ታበዛለች» የሚሉ ቃላት ደረጃቸውን የጠበቁ አይደሉም፤ ፍርድ ናቸው። የታየውን ድርጊት ይጻፉ፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት የተሰጠውን ክኒን አልዋጠም፤ "ሆዴ ባዶ ነው" ብሏል።» እንዲህ ሲጻፍ ቀጣዩ ነርስ ምግብ ይፈልግለታል፤ «እምቢተኛ» ከተባለ ግን የሚፈልገው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ደረጃቸውን የጠበቁ ቃላትም ቢሆኑ ለፍርድ መሣሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። በድንገት ግራ የተጋቡ አረጋዊ «የቆየ የአእምሮ ውዥንብር» ተብለው ከተመዘገቡ ሥሩ ያለው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውኃ ማነስ ወይም አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አይፈለግም። «አጣዳፊ» ወይም «የቆየ» ከማለት በፊት አብሯቸው የሚኖረውን ሰው «ከሦስት ቀን በፊት እንዴት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ግድ ነው።

ጥቃት በደረሰባት ሴት ወይም ሕፃን መዝገብ ላይ ደግሞ የራሷ ቃል በጥቅስ፣ የታየው ጉዳት በቦታና በመጠን ይቀመጥ፤ «እንዳለችው ከሆነ» በሚል ድምፀት ጥርጣሬ አይጨመር፣ በሌላ በኩልም ፍርድ ቤት የሚወስነውን ነርስ አትወስን። መጀመሪያ ላይ አልቅሳ፣ ቀጥላ ዝም ብላ፣ ኋላም ስቃ ከሆነ ሦስቱም እንዳሉ ይጻፉ፤ ሳቋን ለማስረዳት አይሞከር።

ምስጢር ስለመጠበቅ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሆስፒታሎች ካርዱን ከክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ራጅ የሚያመላልሰው አስታማሚው ነው። ስለዚህ በላይኛው ሽፋን ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ለመንደር እንደተነገረ ይቆጠር። የኤች አይ ቪ ሁኔታን «አር ቪ አይ» ብሎ በምኅጻር መጻፍም ምስጢር አይጠብቅም፤ ምኅጻሩን ከጤና ባለሙያው ይልቅ ለዓመታት ያስታመመ ሰው ያውቀዋል። መረጃው የሚያስፈልገው ገጽ ውስጥ፣ በሙሉ ስሙ ይግባ፤ ሽፋኑ ላይ ጨርሶ አይኑር።

ሰዓት፣ ቀንና ስም

ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። «10፡00» የሚል ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ የጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ላይ የ6 ሰዓት መዛባት ማለት አንድ ሙሉ መጠን መዝለል ወይም መድገም ነው። ክፍሉ አንዱን አቆጣጠር መርጦ በየገጹ አናት ላይ ያስፍር፤ ተቀላቅሎ አይጻፍ። ቀንም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል አይቅር፤ በተለይ የሕፃን ዕድሜ በወር ሲሰላ ስሕተቱ የመድኃኒት መጠን ይለውጣል። የትውልድ ዘመናቸውን የማያውቁ አረጋውያን ዕድሜ «በግምት» ተብሎ፣ በምን እንደተገመተ ይጻፍ። ስም እስከ አያት ድረስ ከካርድ ቁጥር ጋር ይሁን፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ከበደ ተስፋዬ መገኘት ብርቅ አይደለም፣ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ «እኔ አይደለሁም» አይልም።

ሲሸኙ ወይም ሲላኩ

የምሳሌያችን እናት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሲላኩ የሐኪሙ የመውጫ ማጠቃለያ ብዙ ጊዜ ስለ ስትሮኩና ስለ መድኃኒቱ ይናገራል እንጂ ስለ ቆዳቸው አይናገርም። ስለዚህ ነርሷ የራሷን ግማሽ ገጽ ታያይዝ፦ በመግቢያና በመውጫ ቀን የነበረው የብራደን ድምር ከስድስቱ ክፍሎች ጋር፣ የጫና ጉዳቱ ቦታ፣ ደረጃና መጠን፣ ያልተፈቱት ዳያግኖሲሶች በዝርዝሩ ስማቸው፣ ማን ቤት እንደሚያስታምማቸው፣ ያ ሰው ሲያገላብጣቸው ነርሷ በዓይኗ አይታ እንደሆነና እንዳልሆነ። ለጤና ጣቢያው ባልደረባ የተጻፈው ገጽ በዚህ መልኩ ሲሄድ፣ ለልጃቸው ደግሞ ያንኑ በአማርኛ ወይም በቤታቸው ቋንቋ አንድ በአንድ ይነገራት፤ ማንበብ የምትችል ከሆነም ተጽፎ ይሰጣት፦ በየስንት ሰዓቱ ጎን እንደሚቀየር፣ ጀርባቸው ላይ የትኛውን ቦታ በእጇ ጀርባ እንደምትዳስስ፣ ቆዳው ከተላጠ፣ ከጠጠረ ወይም ከሸተተ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስዳቸው።